አምስት ተኩላ፣ ሁለት ጅብና ምጥ የያዛት ላም

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ሳርም ኖሬአለሁ። ልጆች ሲደምሩ ቢሳሳቱ፣ ግንበኛ ግድግዳ ቢያጋድል፣ ሰባኪ ቀን ቢያዛባ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም ነበር። የራሴን ስህተት በሰው ፊት ቆሜ ያመንኩት ግን ሰባ አራት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ የዚያን ቀን ነገር ሳልጨምር ሳልቀንስ ላጫውትህ።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ ሥነ ሕይወት ተምሬ ተመረቅኩ። ጎንደር ሁለት ዓመት እንዳስተማርኩ ዘመኑ ከፋና በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ። ለጥቂት ወራት ነው ያልኩት ስደት ዕድሜዬን ፈጀው። የምኖርበት መንደር ከገዳሪፍ በጭነት መኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ከቦታል። ከነዋሪዎቹ ገሚሱ እንደ እኔ ያረጀን ስደተኞች ነን፤ ገሚሱ በቅርቡ ከትግራይ ተፈናቅሎ የመጣ ነው። ለሁለት ትውልድ ልጆች ስላስተማርኩ ሁሉም «መምህር» ይለኛል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢም እኔ ነበርኩ፤ የመንደሩን ደንብ ያረቀቅኩትም እኔው ነኝ።

ከደንቦቹ አንዱ ስለ ሞተ እንስሳ የሚናገር ነበር። «የሞተ እንስሳ በዋናው መንገድ አይጎተትም፤ በአጥሮች ጀርባ ተስቦ ኾር ይጣላል» ይላል። ኾር የምንለው በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚደርቀውን ወንዝ ነው። ሰው በደጁ ሬሳ ሲጎተት ማየቱ ነውር ስለሚመስለው ደንቡን ሁሉም ወዶት ነበር።

በዚያ ሰሞን ክረምቱ ሊያበቃ ተቃርቦ፣ የኾሩም ውኃ ደርቆ ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ሂላ ሂላ፣ ማለት ክምር ክምር፣ ሆኖ ለመድረቅ በየማሳው ቆሟል፤ ማሽላው ግን ገና አልታጨደም። ውኃ የምታመላልስልኝ አህያዬ ታመመችና ሞተች። የትራክተር ነጂው አደም መጥቶ እግሮቿን በገመድ አሰረ። አደም ወላጆቹ ከቋራ የመጡ፣ እሱ ግን ሱዳን ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ሲናገር አማርኛውን በዓረብኛ ይቀይጠዋል።

«በሜዳው ላቋርጥ፣ መምህር፤ ይቀርባል» አለኝ።

«ደንቡ በአጥሮች ጀርባ ነው የሚለው።»

«ያ ሰላም! አህያዋ እንደሆነች አትሰማ።»

«እኔ እሰማለሁ» አልኩትና ጃንጥላዬን ዘርግቼ እስከ ኾሩ ተከተልኩት። አንዲት እርምጃ እንዳያጓድል ነበር።

በአጥሮች ጀርባ ካሉት ቤቶች የመጨረሻው የለተብርሃን ነው። ለተብርሃን ከትግራይ ልጇን ሰናይትን ይዛ የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት ብርቱ ሴት ናት። ሰናይት መንታ ሴቶች ልጆች ወልዳ ሳለ ወባ ደጋግሞ ጣላትና ጡቷ ነጠፈ። ሕፃናቱ ያን ጊዜ አሥር ወር ሆኗቸዋል። የሱዳኑ ጦርነት መንገዱን ከዘጋው ወዲህ የቆርቆሮ ወተት ከገዳሪፍ ገበያ ከጠፋ ሰነባብቷል፤ መንታዎቹ በማሽላ አጥሚት ብቻ ከስተው ዓይናቸው ጎልቶ ነበር። የቤቱ ተስፋ ማሬ የምትባል አንዲት ላም ነበረች፤ ለመውለድ ቀናት ቀርተዋታል። በዚያ ቤት ስለ ምንም ነገር ቢወራ መደምደሚያው «ማሬ ስትወልድ» ነበር።

አህያዬ በተጣለች በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ የቤቴ በር ተደበደበ።

«አቦይ መምህር! አቦይ መምህር! ማሬ የለችም!»

ለተብርሃን ነበረች፤ ጫማዬን ሳላስር ወጥቼ ወደ በረቷ ተከተልኳት። የበረቱ የእሾህ አጥር በአንድ በኩል ፈርሶ ተበታትኗል። ማታ ጥቂት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጥቁሩ ጭቃ ዱካውን ሁሉ ይዟል። መነጽሬን አድርጌ ተንበረከክሁ። ላሚቱ በድንጋጤ ረግጣ ያበላሸችው ብዙ ነው፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ግን አራት ጣት ከነጥፍሩ ያለው ትንሽ ዱካ ነበር። በስንዝሬ ለካሁት። ተነሣሁና እንደ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ተኩላ ነው» አልኩ።

ሱዳኖች በዓሾም ይሉታል፤ ከእኛም ቀበሮ የሚለው አለ። እኔ በተማርኩበት ዘመን መጽሐፉም ከቀበሮ ወገን ይቆጥረው ነበር፤ ሊቃውንቱ የተኩላ ዘመድ መሆኑን ያረጋገጡት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ለተሰበሰበው ሰው አስረዳሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

አደም ዓይኑን እያሸ መጣ። «ወላሂ መምህር፣ ይህ ዶሮ ሌባ ላም ይደፍራል?»

«በመንጋ ከሆነና ላሚቱ ምጥ ከያዛት ይደፍራል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አደም፣ እኔ ይህን የተማርኩት አንተ ሳትወለድ ነው።»

«ኸላስ፣ አለቀ» አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ለዘር የምንቀባው የነቀዝ መርዝ ቤቴ አለ። እዚያች አህያ ላይ እንነስንሰው፤ አንድም አይተርፍ።»

ሁሉም እኔን አየኝ። የእኔ ቃል ፍርድ ነበር። «ከቀትር በፊት ይሁን» አልኩ። «ከብትና ውሻ እንዳይደርስበት አንተው ቁምበት።»

ለተብርሃን ይህን ሁሉ ስትሰማ ገመድ በትከሻዋ አድርጋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስር ነበር። «እናንተ ተኩላ ግደሉ» አለች። «እኔ ላሜን እፈልጋለሁ።» ማንንም ሳትጠብቅ ሄደች። ብቻዋን መሄዷ አላስቻለኝም፤ ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልኳት።

በሂላዎቹ መካከል የማሬን ሰኮና እየተከተልን ሄድን። ጭቃው ከጫማዬ ሥር እየተደራረበ እግሬን አከበደው። ለተብርሃን ዞር ሳትል፣

«አቦይ መምህር፣ ተኩላ ከየት ጀምሮ ነው የሚበላው?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። በሕይወቴ መልሱን እያወቅኩ ሳልመልስ ያለፍኩት ጥያቄ ያ ብቻ ይመስለኛል። «ሂጂ፣ ዱካው እንዳይጠፋሽ» አልኳት።

«ልጆቹ ትናንት ማታ ምን እንዳደረጉ ልንገርዎት? አንዷ የሌላዋን ጣት ትጠባለች። ሰናይት አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ደግሞ፣ 'ግድ የለሽም፣ ማሬ በዚህ ሳምንት' አልኳት።» ይህን ብላ እርምጃዋን አፈጠነች።

ኾሩ አጠገብ ስንደርስ ሰማነው። አጭር፣ ቀጭን፣ የተናደደ ጩኸት ነው፤ ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከብዙ ቦታ ይመጣል። ከማሽላው ዳር ጎንበስ ብለን ወደ ታች አየን።

ማሬ አለች። በሕይወት አለች። የኾሩ ገደል ጎርፍ ቦርቡሮት እንደ ጓዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እዚያ ጀርባዋን ለአፈሩ ሰጥታ፣ ቀንዷን ወደ ውጭ አድርጋ ቆማለች። ከጭራዋ ሥር የጥጃው አንድ እግር ወጥቷል። ከፊቷ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ሁለት ጅቦች አሉ፤ አንዷ ግዙፍ ናት። በጅቦቹ ዙሪያ ደግሞ አምስት ተኩላዎች ይሽከረከራሉ።

ለተብርሃን ልትዘል ስትል ክንዷን ያዝኳት።

«ልቀቁኝ!»

«ከደነበረች ትሮጣለች። ጥጃው በከፊል ወጥቶ ሳለ ሜዳ ላይ ከሮጠች ሁለቱንም ታጫቸዋለሽ። ቦታዋን አትልቀቅ።»

«ታዲያ ቆመን እንይ?»

«ጥቂት እንይ።»

ያየሁትን በጥንቃቄ ልጽፍ እወዳለሁ፤ ከመጽሐፍ አውቀው የነበረውን በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነውና። ትልቋ ጅብ ወደ ማሬ አንድ እርምጃ ስትራመድ አንድ ተኩላ ከፊቷ ይመጣና ጥርሱን ያሳያታል። እሱን ልትይዝ ስትንደረደር ሌላው ከኋላ መጥቶ ቋንጃዋን ይነክሳትና ይሸሻል። ስትዞር የፊተኛው ይመለሳል። ጅቧ አንዱን ብትይዝ አጥንቱን በአንድ ንክሻ ትሰብረዋለች፤ አምስቱም ይህን ያወቁ ይመስል አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ አይቆሙም። ሁለት ትልልቆች ነበሩ፣ አባትና እናት መሆናቸው ነው፤ ሦስቱ በዚያው ዓመት የተወለዱ የሚመስሉ ቀጫጭኖች ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ትፈራለች፤ ከሩቅ ትጮህና ማንም ሳይነካት ትሸሻለች።

በመጨረሻ ትልቋ ጅብ መላ አጣችና ቂጧን መሬት ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከኋላዋ እንዳይነክሷት ነው። ያ ሁሉ መንጋጋ ይዛ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቁጭ አለች።

ለተብርሃን በእንባዋ መካከል ሳቀች። «አዬ ውርደት!» አለች። «ማሬን እየጠበቁልኝ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። ከልማዴ መላቀቅ አልቻልኩም። «የሚጠብቁት እንግዴ ልጁን ነው። የምትወልድ እንስሳ ባለችበት ሁሉ አይጠፉም። ጅቦቹ ከደረሱ ሁሉንም ስለሚወስዱባቸው ነው የሚያባርሯቸው። ጥጃው ደካማ ከሆነ እነሱም አይምሩትም።»

«መምህር፣ ዝም ብለው እንዲያ እንዳምን ቢተውኝስ ምን ነበረበት?» አለች።

ፀሐይ ከማሽላው አናት ወጣች። ትንሿ ጅብ ተስፋ ቆረጠችና እያነከሰች ወደ ማሽላው ገባች። ትልቋ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጣ ማሬን አየቻት፤ ድንገት ተነሥታ ቀጥታ ተንደረደረች። ማሬ ቀንዷን ዝቅ አደረገች። ሁለቱ ትልልቅ ተኩላዎች ጅቧን ከግራና ከቀኝ አብረው ያዟት፤ አንደኛው ጭራዋን ይዞ ተንጠልጥሎ ሲጎተት አየሁት። ጅቧ ጮኸች፤ ያ የሚዘገንን ድምፅ ኾሩን ሞላው። ዞራ ሸሸች። እስከ ማሽላው ዳር ድረስ አሳደዷት።

«አሁን!» አልኩ።

የሰባ አራት ዓመት ሰው ገደል እንዴት እንደሚወርድ አልገልጽም። ስንደርስ ማሬ ለተብርሃንን አውቃ አልደነበረችም፤ በረዥሙ እምቧ አለች። ተኩላዎቹ ግን ተመልሰው ነበር። አምስቱም በሠላሳ እርምጃ ርቀት ተደርድረው ቆሙ።

«አንዱ እግር ወደ ኋላ ቀርቷል» አለች ለተብርሃን እጇን አስገብታ። «እርስዎ እነሱን ይያዙልኝ!»

በምን ልያዛቸው? ዱላ እንኳ አልነበረኝም። ጃንጥላዬን ወደ ፊታቸው ዘረጋሁ። ጧ ብሎ ሲከፈት አምስቱም ወደ ኋላ ዘለሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው በጥሞና ይመለከቱኝ ጀመር። ስዘጋው ብድግ ይላሉ፤ ስከፍተው ይቀመጣሉ። ያን ያህል ትኩረት የሰጠኝ ክፍል አስተምሬ አላውቅም።

ከኋላዬ ለተብርሃን በትግርኛ ትለምናለች፣ በአማርኛ ትሳደባለች። «ነይ በይኛ! ... አዎ ... አዎ የኔ እናት ...» ከዚያ የሚወድቅ ነገር ድምፅ ሰማሁ።

«አይተነፍስም» አለች። ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነ። «መምህር፣ አይተነፍስም።»

ጃንጥላውን እንደተከፈተ መሬት ላይ ተክዬ ዞርኩ። ጥጃዋ ሴት ናት፤ እርጥብ ጨርቅ መስላ ተዘርግታለች። «የኋላ እግሮቿን ያዢ፤ ወደ ላይ!» አልኩ። ሁለታችን አንሥተን ዘቀዘቅናት፤ ከአፍንጫዋ ውኃ ፈሰሰ። አስተኛናት፤ ለተብርሃን አፏን ጠርጋ የሰሊጥ አገዳ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ሰደደች። ምንም የለም። ደግማ ሰደደች። እኔ ደረቷን በለተብርሃን ነጠላ እፈትጋለሁ። መንታዎቹ፣ ሰናይት፣ ግድግዳው፣ ሁሉም በዓይኔ ይሄዳል።

ጥጃዋ አነጠሰች።

አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ፤ ራሷን ነቀነቀች። ማሬ ጎንበስ ብላ ትልሳት ጀመር። ለተብርሃን ጭቃው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተኩላዎቹ ከጃንጥላው ማዶ ቁጭ እንዳሉ ናቸው።

ጥጃዋ እስክትቆም፣ ማሬም እንግዴ ልጁን እስክትጥል መጠበቅ ነበረብን። በዚያ ጥበቃ መካከል ነው መሬቱን ያየሁት። ከተቀመጥንበት አጠገብ በእርጥቡ አፈር ላይ ሰፋ ያለ፣ ሣሩ የተኛበት ለስላሳ ጎዳና ወደ ኾሩ ይወርዳል። አህያዬ የተጎተተችበት ነው። በእሱ ላይ ወደ መንደሩ የሚወጣ ትልቅ የጅብ ዱካ አለ፤ በጅቡ ዱካ ላይ ደግሞ የተኩላ ዱካ አርፏል። ተኩላዎቹ የመጡት ከጅቦቹ በኋላ ነው። ጅቦቹ የሬሳውን ሽታ ተከትለው፣ እኔ እርምጃ በእርምጃ ባስጠበቅኩት መንገድ፣ ቀጥታ ወደ ለተብርሃን በረት ሄደዋል። ማሬም ስትሸሽ ያገኘችው የተከፈተ መንገድ ይኸው ነበር። ጠዋት ከአጥሩ ሥር የላይኛውን ዱካ ብቻ አይቼ ፈረድኩ፤ የታችኛውን አልፈለግኩም።

«ለተብርሃን» አልኩ። «ተኩላዎቹ አይደሉም። ጅቦቹን ወደ በረትሽ የመራኋቸው እኔ ነኝ። በአህያዬ ሽታ።»

ዱካውን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይህን አሁን ነው የሚነግሩኝ?» አለች። «ጥጃዋ እየወደቀች ነው፤ ይያዟት።»

ያዝኳት። ጥጃዋ በእጄ ተደግፋ ቆማ ጡት ፈልጋ አገኘች። ወዲያው እንግዴ ልጁ ወረደ። ለተብርሃን ጉድጓድ ልትቆፍር ድንጋይ አነሣች፤ በአገሯ ይቀበራል፤ ውሻ ከበላው የላሚቱ ወተት ይነጥፋል ተብሎ ይፈራል። የዚያን ቤት ወተት ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ፍርሃት አይደለም። መሠረት የሌለው እምነት መሆኑን ላስረዳት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

እሷ ድንጋዩን እንደያዘች ተኩላዎቹን አየች። ያቺ ፈሪዋ ወደ ፊት ሁለት እርምጃ መጥታ ነበር።

«እነዚህ ውሻ አይደሉም» አለች ለተብርሃንና ድንጋዩን ጣለችው።

እንግዴ ልጁን ለተኩላዎቹ ትተን፣ እኔ ጃንጥላዬን አንሥቼ ጥጃዋን ታቅፌ፣ እሷ ማሬን እየመራች ከኾሩ ስንወጣ የትራክተር ድምፅ ሰማሁ። አደም ነው። መርዙ! ተኩላዎቹ ከዚህ ተነሥተው ቀጥታ የሚሄዱት ወደ አህያዋ ነው። ጥጃዋን በለተብርሃን ትከሻ ላይ ጫንኩና ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል ከልቤ ነው። እየጮህኩም ነበር፤ «አቁም! አደም፣ አቁም!»

አደም አፍንጫውን በጥምጣሙ ሸፍኖ የመርዙን ከረጢት አፍ በመፍታት ላይ ነበር። ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ጃንጥላ እያወዛወዝኩ ስመጣ ሲያይ ከረጢቱን ለቀቀው።

«ሱብሃነላህ! መምህር፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኩ ትንፋሽ እያጠረኝ። «ማንም አልሞተም፤ ከረጢቱን እሰረው።»

«ጠዋት ግደሉ አሉ፤ ቀትር ሳይደርስ ማሩ ይላሉ። የትኛውን ልያዝ?»

«ጠዋት ተሳስቼ ነበር።»

አደም ጥምጣሙን ከአፍንጫው አወረደ። «ይድገሙልኝ።»

«ተሳስቼ ነበር አልኩህ።»

«ወላሂ፣ ይህን ለማየት ነው ዕድሜ የሰጠኝ» አለና ከረጢቱን አሰረ። አህያዋን በትራክተሩ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹን ከመንደሩ የኒም ዛፍ ሥር ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መንገዱን፣ ዱካውን፣ ፍርዴን። ደንቡም ተለወጠ፤ የሞተ እንስሳ በካሮ፣ ማለት በአህያ ጋሪ፣ ተጭኖ ርቆ ይቀበራል፤ መሬት ለመሬት አይጎተትም። ሰብሳቢነቴን ላስረክብ ስል አንድ ሽማግሌ፣ «ገና አሁን ለሰብሳቢነት ደረሱ፤ ወዴት ይሄዳሉ?» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ብዙ አይምሰልህ። ዛሬም የተጣመመ ግድግዳ ሳይ ዝም ማለት ይከብደኛል። ነገር ግን ከመናገሬ በፊት ጎንበስ ብዬ ሁለተኛ ጊዜ አያለሁ። መማር ዕውቀት እንደሚሰጥ እመሰክራለሁ፤ በሰው ሁሉ መታመን ደግሞ ያንን ዕውቀት ሳይመረምሩ እንዲያወጡት ያደርጋል። የእኔ ቃል ስለታመነ አምስት ሕይወት ያለ በደላቸው ሊጠፋ አንድ ከረጢት የመፍታት ያህል ቀርቶት ነበር። አንተም ቃልህ የሚሰማ ሰው ከሆንክ፣ ለተብርሃን ባትሄድ ኖሮ እኔ ኒሙ ሥር ተቀምጬ ቀትርን እጠብቅ እንደነበር አስብ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንገሩን ጥጃዋ ጠባችው። እውነቱን ልናገር፣ የማላምንበት ፍርሃት እኔንም ይዞኝ ነበር፤ በየማለዳው በለተብርሃን አጥር በኩል ሳልፍ ማሬን በስርቆት አያለሁ። በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ለተብርሃን ጠራችኝ። ሰናይት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ መንታዎቹ ግራና ቀኝ በጭኗ ላይ ተኝተዋል፤ በአንዷ ከንፈር ላይ ወተት ደርቋል። ሰላምታ ላቀርብ ስል ሰናይት ጣቷን ከአፏ ላይ አደረገች።

«ጠግበው ነው የተኙት፣ መምህር» አለችኝ በለሆሳስ።

ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ድምፅ ሳላሰማ ወጣሁ።